የልጅ መዝገብ የሚወሰነው በመጀመሪያው ሳምንት ነው

አንዲት ልጅ በ12 ዓመት ከ11 ወሯ የግብረ ሥጋ ጥቃት ቢደርስባት፣ በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 627 በጥፋተኛው ላይ ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ያዝዛል። ልጅቷ 13 ዓመት ከአንድ ወር ሆኗት ከሆነ ጉዳዩ ወደ አንቀጽ 626 ይዞራል፤ ቅጣቱም ከ3 እስከ 15 ዓመት ይሆናል። ኃይል መጠቀሙ ከተረጋገጠ አንቀጽ 620 ይመጣና ከ5 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል። የሁለት ወር የዕድሜ ልዩነት የቅጣቱን መነሻ ከ13 ወደ 3 ያወርደዋል ማለት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ መዝገብ በኢሉባቦር ባለችው በጎሬ ከተማ ሲከፈት፣ ዐቃቤ ሕጉ «ማን አደረገው?» ብሎ ከመጠየቁ እኩል «ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው? በምንስ አረጋግጣለሁ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን ከባድ ነው። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ሲሆን፣ ምዝገባው በተግባር የተጀመረው በ2008 ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ የገጠር ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የልደት ምስክር ወረቀት የለውም፤ ከዚያ በኋላ ከተወለዱትም ያልተመዘገቡ ብዙዎች ናቸው። ወረቀት ሲጠፋ መዝገቡ ወደ ሆስፒታል ይሄዳል፤ የእጅ አንጓ ራጅ ይነሣል፤ ሐኪሙም «ዕድሜዋ ከ13 እስከ 15 ይገመታል» ብሎ ይጽፋል። ዐቃቤ ሕጉ ያንን ወረቀት መዝገቡ ላይ አያይዞ ወደ ፍርድ ቤት ይሮጣል። መዝገቡ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

የእጅ አንጓ ራጅ የሚነበበው አጥንቱን ከመመሳከሪያ ሥዕሎች ጋር በማስተያየት ነው። በዓለም ላይ እጅግ የታወቀው የግሮይሊክና የፓይል መመሳከሪያ የተዘጋጀው እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ክሊቭላንድ ውስጥ ከነበሩ ደህና ኑሮ ካላቸው ነጭ ቤተሰቦች ልጆች በተነሡ ራጆች ነው። በደንብ ሲበላ ያደገ ልጅ አጥንትና ምግብ ሲያጣ ያደገ ልጅ አጥንት እኩል አይበስልም፤ የምግብ እጥረት የአጥንትን ብስለት ያዘገያል። በዚያ ላይ ዘዴው በራሱ የአንድና የሁለት ዓመት ስሕተት ያስተናግዳል። ሕጉ 13 ዓመት ላይ መስመር አስምሮ ሳለ፣ ማስረጃው «ከ13 እስከ 15» የሚል ከሆነ ጥርጣሬው ለተከሳሹ ይተረጎማል። ይህ የወንጀል ፍትሕ መሠረታዊ ደንብ ስለሆነ ዳኛውን መውቀስ አይቻልም።

ያን ክፍተት መሙላት የሚችለው በመጀመሪያው ሳምንት ሌላ ማስረጃ የሰበሰበ ዐቃቤ ሕግ ነው። የክትባት ካርድ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የያዘችው የቤተሰብ ማኅደር አለ። አንደኛ ክፍል የገባችበት የትምህርት ቤት መዝገብ አለ። የክርስትና ወረቀት፣ ወይም በዚያው ሳምንት የተወለደ የጎረቤት ልጅ የምዝገባ ወረቀት ሊኖር ይችላል። እናት የልደቱን ቀን ባትጠራም «በእንዲህ ያለው ምርጫ ዋዜማ ነበር» ብላ በታወቀ ክስተት ልታስር ትችላለች፤ ይህም በአግባቡ ከተመዘገበና ከሌላው ጋር ከተገናኘ ማስረጃ ነው። ይህን ሁሉ ማድረግ ትልቅ የሕግ ፍልስፍና አይጠይቅም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ግን ይጠይቃል፤ ማንም ደግሞ ይህን ሥራ ሲወለድ አያውቀውም።

ልጆችን ስለሚጠብቁ የወረዳ የሕግ ሰዎች ሥልጠና ስንነጋገር የምንነጋገረው ስለዚህ ዓይነት ዕውቀት መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። በአገራችን የልጅ መብት ሕግ አልጎደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 የልጅን መብት ዘርዝሯል፤ በንዑስ አንቀጽ 2 ላይም ማናቸውም ተቋም፣ ፍርድ ቤትና አስተዳደር ልጅን የሚመለከት እርምጃ ሲወስድ የልጁን ደኅንነት በቀደምትነት እንዲያስብ ያዝዛል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 10/1984፣ የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር በአዋጅ ቁጥር 283/1994 ጸድቀዋል። የቤተሰብ ሕግ አለ፤ የወንጀል ሕግ አለ፤ በ2009 የወጣ ብሔራዊ የሕፃናት ፖሊሲም አለ። የጎደለው፣ ያን ሁሉ ሕግ በአንዲት ልጅ መዝገብ ላይ በሰዓቱ ማዋል የሚችል እጅ ነው።

ጎሬን የሚያውቅ ሰው የዚህን ጉድለት ርቀት ያውቃል። በ1928 ንጉሠ ነገሥቱ ለስደት ሲወጡ የአገሪቱ ጊዜያዊ መንግሥት መቀመጫ የሆነችው ጎሬ ነበረች፤ ራስ እምሩም የአርበኝነቱን ትግል የመሩት ከዚያው አካባቢ ተነሥተው ነው። ኢሉባቦርን ለብዙ ዘመን ያስተዳደረችው ከተማ ዛሬ የዞን መቀመጫ አይደለችም፤ ያ ወደ መቱ ሄዷል። የጎሬና የአሌ ወረዳ ሰው ይግባኙን ይዞ፣ የሕክምና ማስረጃውን ይዞ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መቱ ይወርዳል። ዐቃቤ ሕጉ ለሥልጠና ሲጠራ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። የኦሮሚያ የፍትሕ አካላት ባለሙያዎች ሥልጠናና የሕግ ምርምር ኢንስቲትዩት ያለው አዳማ ነው። ከመቱ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አዳማ ከዚያም 100 ያህል ይጨምራል። በአንድ ወረዳ ያሉት ዐቃብያነ ሕግ ጥቂቶች ስለሆኑ አንዱ ለሥልጠና ሲሄድ የሌላው ጠረጴዛ ይሞላል። በዚያ ሳምንት የመጣች ልጅ የምታገኘው በሌላ ሥራ የተወጠረ ሰው ነው።

ሥልጠናው ራሱ ብዙ ጊዜ የአዳራሽ ነው። አንቀጽ 36 ይነበባል፣ ስምምነቱ ይነበባል፣ «የልጁ ጥቅም ቅድሚያ ይሰጠዋል» የሚለው ይደገማል፣ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ዐቃቤ ሕጉ ወደ ጎሬ ሲመለስ ጠረጴዛው ላይ ያለው መዝገብ ሌላ ነገር ይጠይቀዋል፤ ዕድሜን፣ ዋስትናን፣ የምስክርን ቃል፣ ሽምግልናን፣ ዛሬ ማታ ልጁ የት እንደሚያድር።

ይህን ሁሉ ከመላምት አውጥቶ ያሳየ አንድ እውነተኛ ጉዳይ አለ፤ የደረሰውም በዚያው በኦሮሚያ ክልል፣ በአርሲ ነው። በ1993 አንዲት የ13 ዓመት ተማሪ ተጠልፋ ተደፈረች። ፖሊስ አገኛት፤ ጠላፊው ተያዘ። ከዚያ በዋስ ተለቀቀ። በዋስ ላይ እያለም ልጅቷን ዳግመኛ ጠለፋት፣ አንድ ወር ያህል አቆያት፣ የጋብቻ ወረቀትም አስፈረማት። በመጨረሻ አምልጣ ወጣች። ጉዳዩ በወረዳ ፍርድ ቤት ታይቶ በሐምሌ 1995 ዋናው ጥፋተኛ የ10 ዓመት፣ አራት ግብረ አበሮቹ እያንዳንዳቸው የ8 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ግብረ አበሮች ጭምር መቀጣታቸው በዚያን ጊዜ ትልቅ ነገር ነበር። ኅዳር 1996 ላይ ግን የአርሲ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው፤ ድርጊቱ በፈቃድ የተፈጸመ ነው የሚል ድምዳሜ ይዞ። አምስቱም ተለቀቁ። ቀጥሎ የተሞከሩት የአገር ውስጥ የይግባኝና የሰበር በሮች ሁሉ ተዘጉ።

የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ኢኳሊቲ ናው የተባለው የሴቶች መብት ድርጅት ጉዳዩን ወደ አፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ወሰዱት። ኮሚሽኑ በቁጥር 341/2007 መዝግቦ ሲመረምረው ቆይቶ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 ወሰነ፤ አገሪቱ የልጅቷን መብት መጠበቅ እንዳልቻለች አረጋግጦ 150,000 የአሜሪካ ዶላር ካሣ እንዲከፈላት ጠየቀ። ከዚህ ጋር የሰጠው አንድ ምክር ብዙም አልተነገረለትም። በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን በሚመለከት የፍትሕ ሰዎች በተከታታይ እንዲሠለጥኑ ጠይቋል። ከአንድ የአርሲ ወረዳ የተነሣች አንዲት ልጅ ኮሚሽኑ እስካለበት ባንጁል ድረስ ሄዳ ካመጣችው ፍርድ ውስጥ አንዱ ሥልጠና ነው ማለት ነው። ኢሉባቦርም ከአርሲ ጋር በአንድ ክልል ሥር ነው፤ ያው ዐቃቤ ሕግ፣ ያው የፍርድ ቤት መዋቅር።

በአርሲው መዝገብ የሆነውን ደረጃ በደረጃ ብናየው እያንዳንዱ ስብራት ሥልጠና ሊደርስበት የሚችል ቦታ ላይ ነው። የመጀመሪያው ዋስትናው ነው። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንቀጽ 67 ዋስትና የሚከለከልባቸውን ምክንያቶች ይናገራል። ከእነዚህም ውስጥ ተጠርጣሪው ሌላ ወንጀል ሊፈጽም ይችላል መባሉና ምስክር ሊያባብል ወይም ማስረጃ ሊያጠፋ ይችላል መባሉ አሉበት። ጠላፊ ከጠለፋት ልጅ መንደር ውስጥ እየኖረ በዋስ ሲወጣ ሁለቱም አደጋዎች ቆመው ይታያሉ። ነገር ግን ዐቃቤ ሕጉ ይህን በቃል «እቃወማለሁ» ብሎ ቢያልፍ ዳኛው የሚይዘው ነገር የለም። የልጅቷና የተጠርጣሪው ቤት ምን ያህል እንደሚራራቅ፣ ከተያዘ በኋላ ዘመዶቹ ለቤተሰቧ ምን መልእክት እንደላኩ፣ ልጅቷ ወደ ትምህርት ቤት የምትሄድበት መንገድ በማን ደጅ እንደሚያልፍ በመሐላ ቃል አስደግፎ ማቅረብ ይቻላል። ዋስትናው ቢፈቀድ እንኳ ወደ ልጅቷ እንዳይቀርብ የሚል ግዴታ መጠየቅ ይቻላል። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ እዚያ አርሲ ላይ ተሠርቶ ቢሆን ሁለተኛው ጠለፋ ላይኖር ይችል ነበር።

ሁለተኛው የፈቃድ ጉዳይ ነው። በአሁኑ ሕግ ዕድሜዋ ከ18 በታች መሆኑ በማስረጃ ከተረጋገጠ አንቀጽ 626 ሲነበብ «ፈቅዳ ነበር» የሚል መከላከያ ቦታ የለውም። ይህ እንዲጸና ግን ዕድሜው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተረጋግጦ መቀመጥ አለበት። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የሚያየው ሥር ፍርድ ቤት የተመዘገበውን ነው። ያኔ ያልተጻፈ ነገር መቱ ላይም፣ አዲስ አበባ ላይም አይፈጠርም።

ሦስተኛው የልጅ ቃል አቀባበል ነው፤ እኔ ከሁሉ የበለጠ ሥልጠና ያስፈልገዋል የምለው ይህ ነው። አንዲት ልጅ የደረሰባትን ለእናቷ ትናገራለች፤ ከዚያ ለአስተማሪዋ፣ ለቀበሌው፣ ለፖሊስ፣ ለጤና ባለሙያው፣ ለዐቃቤ ሕጉ፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤቱ። በእያንዳንዱ ጊዜ የሚጠይቃት ሰው የራሱን ቃል ይጨምርባታል። «እከሌ ነው አይደል?» «እጅሽን ይዞሽ ነበር አይደል?» ይላታል። ልጅ ትልቅን ሰው ማስደሰት ትፈልጋለች፤ «አዎ» ትላለች። በሰባተኛው ጊዜ ቃሏ ከመጀመሪያው ይለያል፤ መስቀለኛ ጥያቄ የሚጠይቀው ጠበቃም ልዩነቱን ያወጣና ልጅቷን ውሸታም ያስመስላታል። ያ የሆነው ልጅቷ ዋሽታ ሳይሆን ስድስት ሰዎች እየተፈራረቁ ቃሏን ስላደፈረሱት ነው።

በዚህ ላይ ዓለም የደረሰበት ዕውቀት አለ። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2005 የወንጀል ተጎጂና ምስክር የሆኑ ልጆችን የሚመለከት መመሪያ አውጥቷል፤ ልጁ የሚጠየቅበት ጊዜ ብዛት እንዲቀነስ፣ ጠያቂው የሠለጠነ እንዲሆን ይላል። የጥያቄው አካሄድ ከሰፊ ወደ ጠባብ ነው፦ «ያን ቀን ከቤት ከወጣሽ ጀምሮ የሆነውን ሁሉ ንገሪኝ»፤ ከዚያ «ከዚያስ?»፤ ከዚያ ዝምታ። የዝርዝር ጥያቄ የሚመጣው ልጁ በራሱ ቃል ከጨረሰ በኋላ ነው። በእኛም ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 137 ዋና ጥያቄ ላይ መሪ ጥያቄን ይከለክላል፤ ዐቃቤ ሕጉ ይህን ከችሎቱ በፊት በራሱ ቢሮ ውስጥም ቢያስብበት ይጠቅመዋል። የዚያው ሕግ አንቀጽ 35 ፍርድ ቤት ከክሱ በፊት ቃል እንዲመዘግብ ይፈቅዳል። ይህን አንቀጽ ብዙውን ጊዜ የምናስታውሰው ለተጠርጣሪ የእምነት ቃል ቢሆንም፣ የልጅን ቃል ገና ትኩስ ሳለ በዳኛ ፊት ለማስቀመጥም ያገለግላል።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የሕፃናት ፍትሕ ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት አለው። አዲስ አበባ ውስጥ ልጁ በሌላ ክፍል ሆኖ በካሜራ የሚመሰክርባቸው ለሕፃናት ምቹ ችሎቶች ተሠርተዋል። ወረዳ ላይ ካሜራ ላይኖር ይችላል፤ ዳኛ ግን አለ፣ በርም አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ችሎት የባለጉዳዮችን የግል ሕይወት ለመጠበቅ ዝግ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። ዐቃቤ ሕጉ በጽሑፍ ቢጠይቅ ልጅቷ በዳኛው ቢሮ፣ የምታምናት አክስቷ አጠገብ ተቀምጣ፣ ተከሳሹን ፊት ለፊት ሳታይ ልትመሰክር ትችላለች። ያልተጠየቀ ፍርድ ቤት ግን ብዙውን ጊዜ በተለመደው መንገድ ይቀጥላል።

በዚህ አካባቢ የቋንቋው ነገርም አለ። የክልሉ ፍርድ ቤት የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው። መቱና ጎሬ ከተማ ውስጥ፣ በ1977 ድርቅ ከወሎ መጥተው በሰፈሩ ቤተሰቦች መንደር ውስጥም፣ አማርኛ አፉን የፈታ ልጅ አለ። የወንጀል ሕጉ ትንታኔና የሰበር ውሳኔዎች ቅጾች በአብዛኛው በአማርኛ ናቸው። ስለዚህ ዐቃቤ ሕጉ ሕጉን በአማርኛ ያነባል፣ ክሱን በአፋን ኦሮሞ ይጽፋል፣ አንዳንድ ልጅን በአማርኛ ይሰማል። ልጆች የደረሰባቸውን በዙሪያ ቃል ነው የሚናገሩት፤ ያ ቃል ከአፍ ወደ ጽሑፍ፣ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር የሕጉ ፍሬ ነገር ሊጠፋ ይችላል። ሥልጠናው በአፋን ኦሮሞ ቢሰጥ፣ የልጁ ቃልም እንደተናገረው በራሱ ቋንቋ ተጽፎ ትርጉሙ ከጎኑ ቢያያዝ ብዙ መዝገብ ይድናል።

ከዚያ ሽምግልና ይመጣል። በኢሉባቦር ገጠር የሽማግሌ ቃል ትልቅ ክብደት አለው፤ ጃርሱማ የሚባለው ሽምግልና ብዙ ደም ያደረቀ፣ ብዙ ቤት ያቆመ ሥርዓት ነው። የክልሉ መንግሥትም በአዋጅ ቁጥር 240/2013 የባህል ፍርድ ቤቶችን ዕውቅና ሰጥቷቸዋል፤ ዛሬ በየቀበሌው ይሠራሉ። ይህን የሚንቅ ዐቃቤ ሕግ በጎሬ ሥራ መሥራት አይችልም። ነገር ግን በልጅ ላይ የተፈጸመ የግብረ ሥጋ ጥቃትና ጠለፋ በግል አቤቱታ ብቻ ከሚያስቀጡት ወንጀሎች ውስጥ አይደለም። ሁለት ቤተሰብ ተስማምቶ ገንዘብ ወይም ከብት ቢቀበልም ክሱ አይወድቅም። መዝገቡን የሚጥለው ከእርቁ በኋላ የሚመጣው ነገር ነው፤ እናት አትመጣም፣ ልጅ ወደ ሩቅ ዘመድ ትላካለች፣ ምስክር «አላየሁም» ይላል። ስለዚህ የሠለጠነ ዐቃቤ ሕግ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ነገር ያደርጋል። ማስረጃውን ምስክሩ ሳይለወጥ በፊት ያስቀምጣል፤ ሽማግሌዎቹንም ጠርቶ ስለ ከብት፣ ስለ ድንበር፣ ስለ ባልና ሚስት ቁርሾ መሸምገል መብታቸው እንደሆነ፣ የልጅን ጥቃት ግን መሸምገል እንደማይችሉ በአክብሮት ያስረዳል። ሽማግሌን በክስ ማስፈራራት አይጠቅምም። ዐቃቤ ሕጉ ሰሚ ሆኖ እንጂ ተቃዋሚ ሆኖ መምጣት የለበትም።

የወንጀሉን ጎን ይህን ያህል ካየን በኋላ የፍትሐ ብሔሩ ጎን ይቀራል፤ በልጆች ላይ የበለጠ በዝምታ የሚጎዳውም እሱ ነው። ወላጆቹን ያጣ ልጅ ቡና ያለበት ማሳ ቢወርስ፣ አሳዳሪ ነኝ የሚለው አጎት ማሳውን ለብዙ ዓመት በኮንትራት ሊያከራየው ይችላል። ልጁ ትምህርቱን ትቶ በራሱ ማሳ ላይ ለሌላ ሰው ቡና ይለቅማል። የቤተሰብ ሕጉ ሞግዚት የልጁን ንብረት እንዴት እንደሚያስተዳድር፣ ለፍርድ ቤት እንዴት ሒሳብ እንደሚያቀርብ ደንግጓል። ይህን ደንብ የሚያስከብር ከሳሽ ግን ማን ነው? አጎትየው ራሱን አይከስም። ልጁ ችሎት መቆም አይችልም። በወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ባለሙያ አለ፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕግ የተማረ ሰው አይደለም።

በዚህ ላይ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000፣ በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠው ውሳኔ ለወረዳ የሕግ ሰው ከብዙ መጻሕፍት ይበልጣል። ከደቡብ ክልል የመጣ ጉዳይ ነው። አንድ አባት ለብዙ ዓመታት ሳያሳድገው ቆይቶ ልጁ ይሰጠኝ ብሎ ከሰሰ፤ ልጁን ያሳደገችው አክስት ነበረች። የሥር ፍርድ ቤቶች ሕጉ በሕይወት ያለ ወላጅ አሳዳሪ ነው ስለሚል ለአባት ፈረዱ። ሰበር ችሎቱ ግን ያንን ሽሮ፣ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን አንቀጽ 3 በቀጥታ ጠቅሶ፣ የልጁ ጥቅም ከአባትነት ሥልጣን ይቀድማል አለ። የሰበር የሕግ ትርጓሜ የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ስለሚያስገድድ፣ ያ ውሳኔ ጎሬ ላይ ያለ ዳኛንም ይይዛል። ይህን ቁጥር የሚያውቅ የሕግ ሰው ችሎት ሲቆም አንቀጽ ከማንበብ አልፎ፣ ልጁ የት እንዳደገ፣ ማንን እናቴ እንደሚል፣ ትምህርቱ ምን እንደሚሆን ማስረጃ ያቀርባል።

ለልጁ ከሳሽ ማን ነው ለሚለው ጥያቄ የሌላ አገር መልስ ብናይ፣ እንግሊዝ አገር በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው የሕፃናት ሕግ የአካባቢውን አስተዳደር የሕግ ባለሙያ ራሱን የቻለ ሥራ አድርጎታል። ልጅ ከባድ ጉዳት ከደረሰበት ወይም ሊደርስበት ከሆነ አስተዳደሩ ራሱ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ለልጁም ከአስተዳደሩም ከወላጆቹም የተለየ የራሱ ጠበቃና ጉዳዩን የሚከታተልለት ባለሙያ ይቆምለታል። በ2014 እ.ኤ.አ. ጉዳዩ በ26 ሳምንት እንዲያልቅ ተወሰነ። እኛ ያን መዋቅር ጎሬ ላይ ማቆም አንችልም፤ ገንዘቡም ሰውም የለም። ከዚያ የምንማረው ግን አለ፤ የመንግሥት ጠበቃና የልጁ ጠበቃ ሁለት የተለያዩ ሰዎች መሆናቸው ነው። በእኛ ወረዳ አንድ ዐቃቤ ሕግ ሁለቱንም ለመሆን ይገደዳል፤ ክሱን ማሸነፍ የመንግሥት ፍላጎት ነው፣ ልጅቷ ሁለት ጊዜ ባትመሰክር ግን የልጅቷ ፍላጎት ነው። እነዚህ ሲጋጩ የትኛው እንደሚቀድም በሥልጠና ላይ በግልጽ ውይይት ሊደረግበት ይገባል። የመቱ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት መምህራንና ተማሪዎች በነፃ የሕግ ድጋፍ ለልጁ ብቻ የሚቆም ሰው ማቅረብ ቢችሉ ደግሞ ግጭቱ ይቀላል።

ፍርዱ ከመምጣቱ በፊት ልጁ የት ያድራል የሚለው ጥያቄም የሕግ ጥያቄ ነው። በዳዩ እንጀራ አባቷ ከሆነ ወደ ቤት መመለስ ማስረጃውንም ልጅቷንም ማጣት ነው። መቱ በዚህ ረገድ የራሷ ታሪክ አላት፤ ካርልሃይንስ በም የመሠረተው የእርዳታ ድርጅት በ1977 ድርቅ ማግስት ወደ ኢሉባቦር ከመጣ በኋላ ለወላጅ አልባ ልጆች አብዲ ቦሪ የሚባለውን የሕፃናት ቤት አቋቁሟል። ነገር ግን በ2001 የወጣው የአገሪቱ አማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ ተቋም የመጨረሻ አማራጭ እንዲሆን ይላል፤ ዘመድ ይቀድማል። ጉዲፈቻ ከዚሁ ከኦሮሞ ሕዝብ ባህል የተገኘ ጥሩ መንገድ ነው፤ በ2010 ሕጉ የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከዘጋ ወዲህ ክብደቱ ጨምሯል። ሆኖም በባህል የተፈጸመ ጉዲፈቻ በፍርድ ቤት ካልጸደቀ ልጁ በውርስ ጊዜ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። ይህን ለአሳዳጊ ቤተሰብ ማስረዳት፣ ማመልከቻውን መጻፍ፣ ማስጸደቅ፣ ሌላው የዚያው የወረዳ የሕግ ሰው ሥራ ነው። ወንጀል ፈጸመ ተብሎ የተያዘ የ12 ዓመት ልጅ ሲመጣ ደግሞ ያው ሰው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉን ከአንቀጽ 171 ጀምሮ ያለውን የወጣት ጥፋተኞች ክፍል ማስታወስ አለበት፤ ልጁ ቶሎ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ ወላጅ ከሌለው ጠበቃ እንዲቆምለት።

እንግዲህ ሥልጠናው ምን ይምሰል? እኔ ብጠየቅ አዳራሹን ከአዳማ ወደ መቱ አመጣዋለሁ፤ ከየወረዳው፣ ከጎሬም፣ ከሁሩሙም፣ ከያዮም፣ ከቡሬም የሚመጡት ዐቃብያነ ሕግ በዓመት ሁለት ጊዜ የተዘጉ መዝገቦቻቸውን ይዘው እንዲመጡ አደርጋለሁ። የልጆቹ ስም ተሰርዞ መዝገቡ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። በነጻ የተሰናበተ ተከሳሽ ያለበት መዝገብ ይቀድማል። ዕድሜው በምን ተረጋገጠ፣ በዋስትናው ላይ በምን ተከራከሩ፣ ልጁ ስንት ጊዜ ተጠየቀ፣ ምስክሩ መቼ ተለወጠ ይባላል። ከዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የመጣ ዳኛ ምን ማስረጃ ቢያይ ሌላ ፍርድ ይሰጥ እንደነበር ይናገራል። ከመቱ ካርል ሆስፒታል የመጣ ሐኪም የራጅ ውጤት ምን እንደሚችልና እንደማይችል ያስረዳል፤ ዐቃቤ ሕጉም በደብዳቤው ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ይማራል፤ «ዕድሜዋ ይገለጽ» ብሎ መጠየቅና «ከ13 ዓመት በታች የመሆን ዕድሏ በምን ያህል ልዩነት ይገመታል» ብሎ መጠየቅ የሚያመጡት መልስ አንድ አይደለም። የልጅ ምርመራ የሚሠሩ ፖሊሶችና የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያዎች በዚያው ክፍል ይቀመጣሉ፤ ምክንያቱም ልጅቷን መጀመሪያ የሚያገኟት እነሱ ናቸው።

ወጪው ትንሽ ነው። የሚከብደው ዝውውሩ ነው። የወረዳ ዐቃቤ ሕግ ሥራውን በደንብ ሲለምድ ይዛወራል ወይም ለቅቆ ጠበቃ ይሆናል፤ ልምዱም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ወረዳ የራሱን የልጅ መዝገብ አያያዝ ማስታወሻ ሊኖረው ይገባል፤ የትኛው ትምህርት ቤት የድሮ መዝገቡን እንዴት እንደሚሰጥ፣ የጤና ጣቢያው የቤተሰብ ማኅደር ያለው ማን ዘንድ እንደሆነ፣ የትኛዋ እናት ማታ ልጅ ለማሳደር ፈቃደኛ እንደሆነች፣ ዋስትና ለመቃወም የሚያገለግል የአቤቱታ ናሙና ጭምር። አዲስ የመጣው ዐቃቤ ሕግ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሲገባ ያንን ደብተር ካገኘ፣ ማክሰኞ የምትመጣው ልጅ መዝገብ ከባዶ አይጀምርም።